ከዲቲሮ ጋር የነበረችው ዳማ ጊደር

ዲቲሮ የሞክዋዲን ከብቶች ሲጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። ባለቤቱ ሞክዋዲ የሚኖረው ሴሮዌ ከተማ ነው፤ ዲቲሮና ሚስቱ ቦትሌ ግን ከበረቱ ጋር ጫካ ናቸው። እንደ አባቶች ወግ፣ ወተቱ ለጠባቂው፣ ከብቱ ለባለቤቱ ነው።

በጽዋና ቋንቋ «አለኝ» አይባልም፤ «አብሬው ነኝ» ነው የሚባለው። ልጅ ያለው ከልጅ ጋር ነው፣ የራበውም ከረሃብ ጋር። «የኔ» ሌላ ቃል ነው። ዲቲሮ ስለ ከብቶቹ ሲጠየቅ «አብሬያቸው ነኝ» ይል ነበር እንጂ ያንን ቃል አውጥቶት አያውቅም። ቦትሌ ትቀልድበታለች፤ «እኔስ፣ ያንተ ነኝ ወይስ አብረኸኝ ነህ?»

«አንቺንማ ማን ሊወስድ ይመጣል?» ይላታል።

በድርቁ ዓመት እናቷ የሞተችባትን ዳማ ጥጃ ዲቲሮ በእጁ እያጠባ አሳደጋት። ሞክዋዲ መጥቶ ሲያያት ጊደር ሆናለች። የውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ሁለቱ ብቻ ሳሉ፣ «ያንተ ናት፤ ጆሮዋ ላይ ምልክትህን ቁረጥ» አለው። ማታውኑ ቦትሌ ቢላውን ስላ ሰጠችው። እሱ ግን ባለቤቱ በሌለበት የሰው ከብት ጆሮ አልነካም፣ ሲመለስ አብረን እንቆርጣለን ብሎ አስቀመጠው። ሞክዋዲ አልተመለሰም፤ በዚያው ክረምት ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የሞክዋዲ ልጅ ቱሶ ከብቶቹን ሊወስድ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ታላቅ ሰው «ራ» ብሎ ነው ሰላም ያለው።

«ራ፣ አባቴ ለእርስዎ የሰጡት ካለ ይንገሩኝ፣ አልወስደውም» አለ።

ቦትሌ ከደጃፉ ሆና፣ «ዳማዋ የሱ ናት» አለች።

ቱሶ የጊደሯን ጆሮ ዳሰሰ። የአባቱ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ዞሮ ዲቲሮን አየውና ጠበቀው፤ በእውነት ጠበቀው። ዲቲሮ መሬት መሬቱን አየ። ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ምን ዋጋ አለው? የሞተ ሰው ደግሞ አይጠየቅም።

«አብሬያቸው ነበርኩ» አለ።

ዳማዋ ስትጫን አላስቸገረችም፤ ከጥጃነቷ ለምዳዋለችና የዲቲሮን እጅ ተከትላ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ዲቲሮ እንደ ልማዱ የማለቢያውን ባልዲ አንጠልጥሎ ባዶ የቀረው በረት በር ድረስ ሄዶ ቆመ። ቦትሌ ወተት የሌለበት ገንፎ ይዛለት መጣች።

«የኔ ነበረች» አላት።

«እኔማ አውቃለሁ» አለችው። ባልዲውን ከእጁ ተቀብላ አጥሩ እንጨት ላይ ደፋችው።