ቀድሞ ያለቀው የፍሬን ሸራ

መኪናችን በናፍጣ የምትሄድ አሮጌ ፒክአፕ ናት። ባለቤቴ ሳይገዛት በፊት ሁለት ሰዎች ነድተዋታል። እሱም ብዙ ዓመት ነዳት፤ አሁን የምትነዳት ሴት ልጃችን ናት። ቆጣሪዋ አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትርን ካለፈ ቆይቷል። ልጄ ጠዋት ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎች የምንረከበውን ጎመን፣ ድንችና ካሮት ጭና ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። እዚያ ለፋብሪካ ሠራተኞች ምግብ የሚያበስሉ ሴቶች ይጠብቋታል። ከሰዓት በኋላ ቲማቲምና ፓፓያ ይዛ ትመለሳለች። ቤታችን የሚተዳደረው በዚህ ነው።

መሪውን የያዘችው የአባቷ ዓይን በስኳር ከደከመ በኋላ ነው። እኔ አልፈለግሁም ነበር። ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ደሴን ለቅቆ ሐረጎ ከሚባለው ከፍታ ላይ ከተደረሰ በኋላ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ መታጠፍና መውረድ ነው። በአንድ በኩል ገደል አለ፤ የጫኑ ከባድ መኪኖች ከፊትም ከኋላም አይጠፉም፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል። ልጄ "ወረድኩ፣ እማ" ብላ እስክትደውል ድረስ የቀዳሁት ሻይ ሳልነካው ይቀዘቅዛል። ሌላው ምርጫ ግን ይብስ ነበር። የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ብዙዎቹ አረብ አገር ናቸው። የእኔዋም ፓስፖርት አውጥታ ልትሄድ ስትል ነው አባቷ የመኪናዋን ቁልፍ የሰጣት። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ዝም አልኩ ይባላል እንጂ ዝም አላልኩም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ሞተርም የማውቀው አልነበረም። ነገር ግን ልጆች አሳድጌያለሁ፤ የክትባት ካርዳቸውንም ይዤ ለዓመታት ጤና ጣቢያ ተመላልሻለሁ። ካርዱ ላይ የተሰጠው ክትባት ይጻፋል፣ የተሰጠበት ቀን ይጻፋል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይጻፋል። ልጁ የሚወሰደው ሳይታመም ነው። ይህ ነገር ገና በወጣትነቴ ገብቶኝ ነበር። ልጄ መንዳት የጀመረች ሰሞን አንድ ደብተር ገዛሁና ልክ እንደ ካርዱ አሰመርኩት። መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ ዕቃው ሲቀየር ቆጣሪው ላይ የነበረው ቁጥር፣ በመጨረሻ ደግሞ እንደገና መቀየር ያለበት ቁጥር። የሞተር ዘይት፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠው ፍሪሲዮን፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው የጎማ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ። የትኛው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቆይ አንድ በአንድ የነገሩኝ መካኒካችን ናቸው። ኮምቦልቻ ጋራዥ ያላቸው፣ አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ፣ የባለቤቴ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው።

ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት እንደሚሄድ ሲነግሩኝ ለሦስት ቀን ሌላ ነገር አላሰብኩም። የሚቀየርበት ቁጥር ገና ሩቅ ነበር፤ እኔ ግን የደሴ ፒያሳ ሄጄ ገዛሁና በላስቲክ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ ፊልትሮ ጨመርኩ፣ ከዚያ የራዲያተር ቱቦ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይስቅብኛል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ቀስ ብለህ ተቀመጥ፤ ከሥራችን ሁለተኛ መኪና እየገጠመች ነው" ይላል። ይሳቅ እንጂ በዚያ ደብተር ምክንያት መኪናዋ አንድም ቀን መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ አንድ ማክሰኞ ልጄ ከኮምቦልቻ ደወለች። ስትወርድ ፍሬኑ ብረት ከብረት ጋር እንደሚፋጭ ድምፅ አሰማ፤ ጋራዥ ስታስገባት ሸራው አልቆ ተገኘ። "አትደንግጪ፣ እማ፣ በሰላም ገብቻለሁ" አለችኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። ሸራው ሠላሳ ሺህ ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረበት፤ የሄደው ግን አሥራ ሦስት ሺህ እንኳ አይሞላም። ሻሼን አስሬ፣ ደብተሬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

በመንገድ ላይ ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ልክ ነው። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ጥፋቱ የሰው ነው አልኩ። አዲሱን ሸራ ከነካርቶኑ ለመካኒኩ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሲገጥሙት ግን አልነበርኩም። ኮምቦልቻ እስክደርስ ነገሩን ጨርሼ ፈርጄው ነበር።

ልጄ ጋራዡ ውስጥ አልነበረችም፤ ጎመኑን በባጃጅ አስጭና ለሴቶቹ ልታደርስ ሄዳለች። መካኒኩ ከመኪናዋ ጎማ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ፣ ያኔ የሰጠሁዎትን አዲሱን ሸራ ነው ወይ የገጠሙት ብዬ በሰው ፊት ጠየቅኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

"የለም" አሉ። "ያንቺንማ ሸጬ ሚስት አገባሁበት።"

አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እሳቸውም ሳቁን አልጠበቁም፤ ጎንበስ በይ አሉኝና ሸራው የሚያርፍበትን ክብ ብረት አሳዩኝ። ታምቡር ይሉታል። ውስጡ እሳት ላይ ቆይቶ እንደወጣ ድስት ወደ ሰማያዊ ሄዷል።

"ይህ በሙቀት ነው" አሉ። "አዲስ ሸራ ነው የገጠምኩት፤ የበላው ቁልቁለቱ ነው። ልጅሽ በፎሌ ነው የምትወርደው።"

ፎሌ ማለት መኪናው ማርሽ ሳይገባበት ሲለቀቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ መኪናውን አይዘውም፤ በራሱ ክብደት ይንከባለላል፤ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ጭነት ይዞ በፎሌ የሚወርድ ሰው ሸራ ቢያልቅበት አይገርምም አሉኝ። ከዚያም የሚያስፈራውን ነገሩኝ፤ ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል ሸራው ሳያልቅም ሊከዳ ይችላል።

"ልጄ ጥንቁቅ ናት" አልኳቸው።

"ጥንቁቅ መሆኗን አውቃለሁ፤ ይህ ሌላ ነው።"

አላመንኳቸውም። ጥፋታቸውን በልጄ ላይ ሊጥሉ ነው አልኩ በልቤ። ነገር ግን ያ ሰማያዊ ብረት ከዓይኔ አልጠፋም። አዲስ ሸራ ተገጥሞ ከልጄ ጋር ሽቅብ ተመለስን፤ ስለ ፎሌው ግን አልጠየቅኳትም። ቤት እንደገባን ለባለቤቴ፣ ደላላውን ጥራልኝ፣ መኪናዋን እንሸጣት አልኩት። ደላላው መኪናዋን ሽጡ እያለ ሲጨቀጭቀን ከርሞ ነበር። ቅዳሜ ገዢ ይዤ እመጣለሁ አለ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አልጮኸችም።

"እሺ" አለች። "ፓስፖርቴ ጊዜው አላለፈበትም።"

ያን ሳምንት ዓይኔን ስጨፍን ገደሉ ይታየኛል፤ ስገልጥ አውሮፕላኑ። ከሁለቱ አንዱን ለልጄ እንድመርጥላት የተጠየቅሁ መሰለኝ። ሐሙስ ጠዋት ግን አንድ ነገር ቆረጥኩ። ከመሸጤ በፊት በዓይኔ ልየው። ኮምቦልቻ የታመመ ዘመድ እጠይቃለሁ ብዬ ጋቢና ገባሁ።

ሐረጎ እስክንደርስ ስለ ጎመን ዋጋ ስናወራ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር እጇ ወደ ማርሹ ሄደ። ወሬዋን አላቋረጠችም፤ እጇ ምን እንደሚሠራ እሷም የምታውቀው አይመስልም፤ እኔ የራስ መሸፈኛዬን እንደማስተካክለው ዓይነት። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ዝቅ አለ፤ መኪናዋም ቀለል ብላ መሮጥ ጀመረች።

መሪ በያዘ ሰው ላይ አይጮህም። በቀስታ ጠየቅኳት።

"እጅሽ አሁን ምን አደረገ?"

"ምን አደረገ?"

"ማርሹን።"

"ፎሌ አገባሁት። ቁልቁለት አይደል? ራሷ ትወርዳለች።"

"ማን ነው ያስተማረሽ?"

"አባ ነዋ። ናፍጣ ይቆጥባል።"

በዚያ ሰሞን ናፍጣ የሚገኘው በሰልፍ ነበር። ልጄ አንዳንዴ ከማደያው በር ላይ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትቆማለች። የቆጠበች መስሏት ነው። በየቀኑ ስለ እኛ ብላ ያንን ገደል በፍሬን ብቻ ስትወርድ ከርማለች፤ እኔም አልጋ ሥር ቺንጋ ሳጠራቅም ይህን አላየሁም። ወደ ሦስተኛ ማርሽ መልሺው አልኳት። ሳትከራከር ፍጥነቷን በፍሬን ቀነሰችና መለሰችው። ሞተሩ አጉረመረመ፤ መኪናዋ ከኋላዋ ሰው የያዛት ይመስል ረጋ አለች። ከኋላችን ያለው የጭነት መኪና ክላክሱን ይነፋብናል። "ጥሩምባው ለሠርግ ይሁንለት" አለች ልጄ፤ በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሳቅኩ።

ኮምቦልቻ ከገባን በኋላ ቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ። ለመካኒኩ፣ እውነትዎን ነበር፣ ያስተማራት አባቷ ነው፣ በሰው ፊት ስላሳፈርኩዎ ይቅር ይበሉኝ፣ አውፍ ይበሉኝ አልኳቸው። አውፍ ብያለሁ አሉና፣ ይልቅ አስተማሪውን ማናገር ያለብኝ እኔ ነኝ አሉ። በማግሥቱ ለጁምዓ ሶላት ደሴ ሲወጡ እኛ ጋ ለምሳ መጡ።

ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ።

"ሠላሳ ዓመት በፎሌ ወርጃለሁ። ምን ሆንኩ?"

"አንተን ያወረደህ አላህ ነው" አሉት መካኒኩ። "ፍሬንህማ ሁልጊዜ እኔ ጋ ነበር። ስንት ሸራ እንደቀየርኩልህ የምትጽፍልህ ሴት ያኔ ደብተር አልገዛችም እንጂ።"

"ናፍጣውስ?"

መካኒኩ እንጀራውን አስቀመጡና ቀስ ብለው አስረዱት። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መርገጫው ላይ ሲነሳ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፤ ፓምፑም ናፍጣውን ይዘጋዋል። በፎሌ ሲለቀቅ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እስከ ታች ድረስ ሲጠጣ ይወርዳል። ስለዚህ ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቆጠበው ነገር የለም።

ባለቤቴ እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ። በመኪና ነገር ሰው አርሞት አያውቅም፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ደግሞ የቀረለት ኩራት ያ ብቻ ነበር። ክፉ ነገር ይናገራል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ልጃችን ወደተቀመጠችበት ፊቱን መለሰ።

"ልጄ፣ ያስተማርኩሽን ተይው" አላት። "ወላሂ አላወቅሁም ነበር።"

"አባ፣ መሪ አያያዙን ግን አልተውም" አለችው። ሳህኑን ወደ እሱ አስጠጋችለት።

ቅዳሜ ጠዋት ገዢው ከደላላው ጋር በር ላይ ቆመ። መኪናዋን ዞሮ አያት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ፤ ብዙ የሄደች ናት፣ ደክማለች አለ። ብዙ ሄዳለች፣ አልደከመችም፣ አትሸጥምም አልኩት። ደላላው ጊዜውን እንዳባከንኩበት እያጉረመረመ ሄደ። ልጄ መስኮት ላይ ነበረች። ወጥታ የመኪናዋን ዘይት መለካት ጀመረች።

ታምቡሮቹን መካኒኩ ወስደው ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት አስላጧቸው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ጋቢና ተቀምጬ አብሬያት ወረድኩ፤ በመጨረሻ፣ እማ፣ አንቺን ከምጭን ሁለት ኩንታል ድንች ይሻለኛል ብላ አባረረችኝ። ፍርሃቴ አልሄደም። አሁንም ስልኩን ፊት ለፊቴ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ ሻዩን ግን ሳይቀዘቅዝ እጠጣዋለሁ።

ባለፈው ወር ቺንጋው የሚቀየርበት ቁጥር ደረሰ። ከልጄ ጋር ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ በዚያው ጎማውን ፈትተው ሸራውን አሳዩን፤ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ገና ወፍራም ነው። ልጄ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ከዚህ በኋላ ምን ያህል ትሄዳለች ብላ ጠየቀቻቸው። እንዲህ ከያዛችኋት ብዙ አላት፣ ፍሪሲዮኗ ግን መንሸራተት ጀምሯል፣ እስከ አንድ ዓመት ቢቆይ ነው አሏት። ልጄ በጣቷ ቆጠረች።

"እንግዲያው ለሚቀጥለው ክረምት እናድርገው" አለች። "በክረምት ገበያውም ቀዝቀዝ ይላል፤ ሁለት ቀን ብቆም አይጎዳኝም።"

የሚቀጥለውን ክረምት እዚሁ ከእኛ ጋር እንደምትሆን አድርጋ ነበር የምታስበው። መካኒኩም ልብ ብለው ይሆናል፤ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ። ዓይኔ እንዳያሳፍረኝ ወደ ሞተሩ አቀረቀርኩና፣ ጥሩ ፍሪሲዮን የሚገኘው ደሴ ነው ወይስ እዚሁ ብዬ ጠየቅኳቸው።