የላሟ ጆሮ

ነገሌ ቦረና ውስጥ በከፈትኳት ትንሽ ፎቶ ቤት፣ ፎቶን በኮምፒውተር የቀለም ቅብ ማስመሰል ራሴን በማስተምርበት ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ በድርቁ የሞተችባቸውን ላም ፎቶ በስልክ ይዘው መጡ። ሌላ ፎቶ አልነበራትም። ሰማዩን፣ አቧራውን፣ ቆዳዋን በኮምፒውተሩ ብሩሽ አለስልሼ፣ ደስ እያለኝ አሳየኋቸው።

«ጥሩ ላም ናት» አሉ። «የማን ናት?»

«የአንቱ ናት እንጂ፣ አባባ።»

«የእኔማ ጆሮዋ በጎሳችን ምልክት የተቀደደ ነው። አንተ የሳልካት ጆሮዋ ሙሉ ነው።»

እውነታቸውን ነበር፤ ብሩሹ ቅዱን ደፍኖታል። ጆሮዋን ብቻ ከዋናው ፎቶ መልሼ አመጣሁና ጠርዙን በቀጭኑ ብሩሽ ነጥብ በነጥብ ሠራሁት። ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከዚያ በስሟ ጠሯት።