ሲኞራ ያዩዋቸው የነበሩ ሴቶች

ሆም ኬር፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የመንከባከብ ሥራ፣ እሠራ በነበረበት ጊዜ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት ጣሊያናዊት አዛውንት ቤት እመላለስ ነበር። «ሲኞራ» ነበር የምላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ መሐል መሐሉ ጠፍቶባቸው ዳር ዳሩ ብቻ ይታያቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ውጭ ካፊያው እየወረደ፣ ሾርባ ሳቀርብላቸው ወደ መስኮቱ ዞረው ፈገግ አሉ።

«ባለ ባርኔጣዎቹ ሴቶች ዛሬም መጡ።»

መስኮቱ ላይ ከውሃ ጠብታ በቀር ምንም የለም። ሳላስበው አማተብኩ።

«አትፍሪ፤ ቪዚዮኒ ናቸው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለልጄ እንዳትነግሪያት።»

ከጣሊያንኛ የማውቀው እንደ ፉርኖና ፍሬን ያሉ፣ እኛ ዘንድ የቀሩትን ቃላት ብቻ ነው። ትርጉሙን ጠየቅኳቸው። ቪዚዮኔ፣ የቪዚዮኒ ነጠላው፣ ቅዱሳን ሲያዩት ክቡር ነገር ነው አሉኝ። በልቤ ራእይ አልኩት። መንደራቸው ውስጥ አንዲት ሴት «ቪዚዮኒ አላት» ከተባለች ግን አብዳለች ማለት ነው፤ ሰው ደጃፏን ይሸሻል። እሳቸውም የፈሩት ይኼን ነበር፤ ልጃቸው ሰምታ የአረጋውያን መኖሪያ እንዳታስገባቸው።

«ለሐኪሙ እንንገረው፣ ሲኞራ» አልኳቸው። እምቢ አሉ። ስለምናቸው ሰንብቼ በመጨረሻ እሺ አሉኝ።

ሐኪሙ ምንም አልደነቀውም። ዓይን ሲደክም አእምሮ ባዶውን ቦታ በራሱ ሥዕል ይሞላዋል፤ እብደት አይደለም አላቸው። በመኪናዋ የወሰደችን ልጃቸው ይህን አብራን ስትሰማ እጃቸውን ያዘች። «ማማ፣ ብቻሽን ስትፈሪ ኖርሽ?» አለቻቸው፤ ሁለቱም አለቀሱ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሲኞራ ወሬ ቀናቸው። በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት ትኬት ይቆርጡ ነበር። አዲስ ፊልም ሲገባ በሩ ላይ «ፕሪማ ቪዚዮኔ» ተብሎ ይለጠፋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ ማለት ነው።

«የኔም ቪዚዮኒ ከዛሬ ጀምሮ እንደዚያ ናቸው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ከምሳ በኋላ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ያዩትን ይነግሩኛል። ግድግዳው ላይ ሐረግ ያብባል። ትናንሽ ፈረሶች ምንጣፉን ተሻግረው ወጥ ቤት ይገባሉ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማቸው ሰውነቴ ይላላል፤ የፈረሶቹ ኮቴ የሚሰማኝ የሚመስለኝ ጊዜም ነበር።

ዝናቡ ቀለል ሲል ሴቶቹም ፈረሶቹም መምጣት ተዉ።

«ዛሬስ፣ ሲኞራ?»

«ማንም የለም» አሉኝ። ቅር ብሏቸዋል።

እንግዲህ በተራዬ እኔ በመስኮቱ መንገድ መንገዱን እያየሁ እነግራቸው ጀመር፤ አውቶቡሱን፣ አበባ የታቀፈውን ሰውዬ፣ የዝናብ ልብስ የለበሰውን ውሻ።

ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ።

«ውሻው የለበሰው ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ቢጫ» አልኳቸው።