ጉልበት ሳሚና ውጪ

ከስብሰባው አዳራሽ በባጃጅ ነው የወሰዱኝ። በግራና በቀኝ ሚሊሻ፤ የጠመንጃው ሰደፍ ጎኔን ይጎረብጠኛል። ያጠፋሁት ይህ ነው፦ የቀበሌያችን ሊቀመንበር «መንገዱ ተሠርቶ አልቋል» ብለው ሪፖርት ሲያነቡ ተነሳሁና፣ «ታዲያ ጫማዎን ምን ነካው?» አልኳቸው። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በጭቃ ተለውሰው ነበር። አዳራሹ ሳቀ። ያሳሰረኝ ሳቁ ነው።

የታሰርንበት ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ቡናው ወጥቶ ሻጋታው ቀርቷል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው የሽንት ባልዲ፣ ዙሪያውን ዝንብ። አንዲት ትልቅ ሴት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፤ በወሰን ጉዳይ ጎረቤታቸውን በዱላ መትተው ነው የገቡት።

«አይዞሽ፣ ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም» አሉኝ። «ጉልበት ሳሚ ይልሻል። ስመሽ ትወጪያለሽ።»

«የማንን ጉልበት፣ እትዬ?»

«እሱን እኔ ምን አውቃለሁ!»

በማግስቱ ቀረብኩ። ዳኛ የተባሉት ሰውዬ ዕድሜ ልካቸውን ከብት እንሰት ውስጥ የገባባቸውን ጎረቤታሞች ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ለከብቱ ነገር ሰው ይመርቃቸዋል። ያን ቀን ግን የቀረብኩት እኔ ነኝ። በክብሪት እንጨት ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ፤ የወጣውን አየት ያደርጉና መልሰው ይውጡታል። ሊቀመንበሩ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ከሳሹም ምስክሩም እሳቸው።

«ልጄ፣ ጋሼን አስቀይመሻል። ጉልበታቸውን ሳሚና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ። እምቢ ካልሽ ክረምቱን እዚያው ነሽ።»

«በየትኛው አንቀጽ ነው የተከሰስኩት?»

«አንቀጽ?» ብለው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«ሕዝብ ማነሳሳት» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እሱማ ስድብ ነው፤ አንቀጽ የታለ?»

«አንቺ ዳኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። እርስዎስ?»

በሩ ላይ የቆመው ሚሊሻ ሳቁን በሳል ዋጠው። ሊቀመንበሩ እግራቸውን ዘረጉልኝ። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ የደረቀ ወጥ አለበት። ፊቴን አዞርኩ። ሱሪው ንጹሕ ቢሆንም አልስመውም ነበር።

«እርቅ ለተጣላ ሰው ነው» አልኩ። «እኔ አልተጣላሁም፤ ታስሬ ነው የመጣሁት።»

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ።

«ሞኝ ነሽ» አሉኝ እትዬ። ብዙም ሳይቆይ እሳቸው ተጠሩ። ስንብት ይሆናል ብዬ ጆንያቸውን አጣጥፌ ጠበቅኩ። ተመልሰው መጡ፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ምን አሉዎት?»

«የቀበሌውን ሰላም አደፍርሰሻልና የሊቀመንበሩን ጉልበት ሳሚ አሉኝ። እኔ የመታሁት ጎረቤቴን! የሷን በደስታ እስማለሁ። የሱን ለመሳም ምን ቤት ነኝና?»

የታጠፈውን ጆንያ ዘረጉና «ነይ፣ ጠጋ በይ» አሉኝ። ክረምቱን አብረን ከረምን።

አሁን ቦንጋ ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ሰዎች «የመንደር ዳኛ ይሻላል፣ ሰዉን ያውቃል፣ አያመላልስም» ሲሉ እሰማለሁ። ለላም ይሁን። ሰው ለማሰር ግን ሕግ የተማረ ይቀመጥ። የተማረም ይበድላል፣ አላጣሁትም፤ ቢያንስ አንቀጹን ስጠይቀው ወደ ከሳሼ ዞሮ አይጠይቅም። እኔም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን ማንንም አላስርም።

ሊቀመንበሩ አንዳንዴ በሱቄ ደጃፍ ያልፋሉ። «ደኅና ዋልሽ?» ይሉኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ዓይኔ ጉልበታቸው ላይ ያርፋል። ያ የደረቀ ወጥ ትዝ ይለኝና ምሳዬን ከድኜ አስቀምጣለሁ።