ቅርፊት ፍለጋ በሁዳዴ

ልጆቼን ሳሳድግ አንድ ልማድ ነበረኝ። መልሱን አስቀድሜ የማውቀውን ነገር እጠይቃቸዋለሁ። «ስኳሩን ማን ነካው?» እላለሁ፤ ማን እንደነካው በዓይኔ አይቻለሁ። የምፈልገው ስኳሩን ሳይሆን እውነቱን ነው። የዋሸ ይቀጣል፤ ያመነ ምክር ብቻ ሰምቶ ይሄዳል። ምክሬ ረጅም ስለነበር ቅጣቱን የሚመርጡም አልጠፉም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ቢቋረጥም ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ስለ ልጅም ሆነ ስለ ከብት ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በእንጅባራ ይገኛል ብዬ አላስብም ነበር።

ትልቋ ልጄ ባሕር ዳር ኮሌጅ ስትገባ ገብስማ ዶሮዋን ትታ ሄደች። ስምንተኛ ክፍልን ስታልፍ እኔው የገዛሁላት ናት። ስጦታ ልጅ ያበላሻል ስለምል ከዚያች ዶሮ ሌላ ለማንም የሰጠሁት ነገር የለም። መናኸሪያ ስሸኛት «አባዬ፣ ዶሮዬን አደራ» አለችኝ። እናቷን ሳይሆን እኔን ማለቷ አኮራኝ።

ባለቤቴ የእንቁላል ቅርፊት አድርቃ፣ ወቅጣ ከዶሮዎቹ ምግብ ጋር ትቀላቅል ነበር። ሁዳዴ ሲገባ በቤታችን እንቁላል ስለማይሰበር፣ ከአጥር ማዶ ካለችው ጎረቤታችን ትቀበላለች። ጎረቤታችን ፕሮቴስታንት ናት፤ በሯ ላይ ቁርስ ስለምትሸጥ ቅርፊት አይጠፋም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጎረቤታችን ቅርፊት የሞላ ፌስታል አጥር ላይ ስታንጠለጥል አየኋት። አንስቼ በራሴ እጅ መለስኩላት።

«ቅርፊት ያስገድፋል እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

«ጾም አጥር አለው» አልኳት።

ይህን አባባል ከየትም አላነበብኩትም፤ እዚያው የፈጠርኩት ነው። አምሮልኝ ስለነበር እራት ላይ ለቤተሰቡ ደገምኩት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የገብስማዋ እንቁላል ቅርፊቱ እየሳሳ ሄደ። አንዱ እጄ ላይ እንደ ወረቀት ተቀደደ። ዶሮዋን ስለ ስንፍና ገሠጽኳት። አንድ እሑድ ማለዳ ላባዋን ነፍታ፣ ጅራቷን ጥላ፣ እያማጠች ቆማ አገኘኋት። እህል ብበትንላትም ዞር ብላ አላየችውም።

«መታቀፍ አምሯት ነው» አልኩ።

«እንቁላል ተቀርቅሮባት ነው» አለች ባለቤቴ። «ሐኪም ጋ ውሰዳት።»

በዚያው ቀን ልጄ እንደ ወትሮዋ ደወለች። «ዶሮዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ካርድሽን አትጨርሺ» ብዬ ዘጋሁት። ልጆቼን በዚህ ዓይነት ውሸት ስንት ጊዜ እንደገረፍኩ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዶሮዋን ጋቢዬ ውስጥ አቅፌ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከፊቴ የተሰለፉት ሁሉ ፈረስ የያዙ ናቸው።

«አባት፣ ፈረሴ ቢረግጣት የለሁበትም!» አለኝ አንዱ።

«ምን ሆና ነው? ጭነት ከብዷት?» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ። ያለው ግን እውነት ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የዶሮዋን ሆድ በቀስታ ዳሰሰችና «ቅርፊት ታገኛለች?» አለችኝ።

«ጾም ነው እኮ።»

«ዶሮዋም ትጾማለች?»

ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጧት፣ መውጫዋን ዘይት ቀቡ፣ ሆዷን ግን እንዳትጫኑ፣ እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ አትተርፍም አለችኝ። ቀጥላም «ዛሬ ቢወጣላት እንኳ ቅርፊት ካላገኘች የሚቀጥለው ይገድላታል» አለች።

ቤት ገብቼ እግሬን በምታጠብበት ሳፋ ውኃ አድርጌ አስቀመጥኳት። ግማሽ ሰዓት ያህል በሁለት እጄ ደግፌ ተንበረከክሁ። እሷ ዓይኗን ከደነች፤ እኔን ጉልበቴን አመመኝ። ባለቤቴ ቆማ ስታየን ቆየችና «ከልጆችህ አንዱን እንኳ እንዲህ አጥበህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም። ከሳፋው አውጥተን ጭድ ላይ ካስቀመጥናት በኋላ እንቁላሉ ወጣ፤ ቅርፊት የሌለው፣ ቆዳ ብቻ።

«ካለን እንቁላል አንዱን ሰብረን ቅርፊቱን እንስጣት» አልኩ።

«አስኳሉስ? መብላቱ ያስገድፋል፣ መድፋቱ ነውር ነው። አጥሩን ያጠርከው አንተ ነህ፤ አንተው ተሻገር።»

ተሻገርኩ። ጎረቤታችን ከምድጃዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ አጥሩስ?»

«ፈርሷል» አልኳት።

ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነችና ታጥቦ የደረቀ አንድ ፌስታል ሙሉ ቅርፊት አወጣችልኝ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጣልኩትም። ዶሮ ያለው ሰው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ብዬ» አለች። እኔ «ጾም አጥር አለው» እያልኩ ስኩራራ፣ እሷ ለዶሮዬ ስታጥብ ኖራለች።

ፌስታሉን ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ስወጣ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሁለት የማኅበር ጓደኞቼ ፊት ለፊት ገጠሙኝ። በተራመድኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

«ምን ይዘህ ነው?»

«ቆሎ።»

«እሰይ! ዛሬ ስንቆም ነው የዋልነው፤ ዘገን አድርግልን!» አለ አንዱ፣ መዳፉን ዘርግቶ።

ፌስታሉን ከፈትኩት። በሁዳዴ፣ ስለ ጾም ከማንም በላይ የሚያወራው ሰው ጋቢ ውስጥ አንድ ፌስታል የእንቁላል ቅርፊት! ነገሩን ከዶሮዋ ሕመም ጀምሬ እስከ አጥሩ ድረስ ነገርኳቸው። እጁን የዘረጋው ሰው መዳፉን ቀስ ብሎ ሰበሰበና «ለካ ቆሎው የዶሮ ነው» አለ።

ገብስማዋ ቅርፊቱን ከእህሉ አስቀድማ ለቀመችው። የሚቀጥለው እንቁላል እንዳይቀረቀርባት ስፈራ፣ በየማለዳው ጎጆዋን ስዳብስ ሁለት እሑድ አለፈ። ልጄ ጠየቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ «ደህና ናት» አልኳት። ከዚያ አንድ ጠዋት እጄ ጠንካራ፣ ትኩስ እንቁላል ላይ አረፈ። ቀለበት ባለበት ጣቴ መታ መታ አደረግሁት፤ እንደ ድንጋይ ጮኸ። እሑድን አልጠበቅሁም፤ እኔው ደወልኩ።

«ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ። ዶሮሽ ለሞት ተቃርባ ነበር። ጥፋቱም የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። እማዬ የዚያኑ ዕለት ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂኝ ነበር?»

«መቼ እንደሚያምኑ ለማየት ነዋ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «እንግዲህ ቅጣቱ ነው ወይስ ምክሩ?» አልኳት።

«ላመነማ ምክር ብቻ ነው። ካርድዎ እንዳያልቅ አሳጥረዋለሁ። ጾሙ እስኪፈታ ቅርፊቱን እርስዎ ራስዎ ሄደው ያምጡ። ደግሞ ጋቢ ውስጥ አይደብቁት።»

«የጋቢውን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

ዞር ስል እናቷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።