የከድጃ ስም በየአንሶላው

የቤት ፕላን ሲያሳዩኝ ቀድሜ ቤቱን አላይም። ባለፈው ሳምንት ከከላላ የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ሥራውን ዘርግቶ ስለ ደረጃው ሲያብራራልኝ፣ እኔ ከየንድፍ ወረቀቱ፣ ከየአንሶላው ግርጌ የባለቤቱን ስም በጣቴ እየተከተልኩ ሳመሳክር ነበር። «ምነው ጋሼ፣ ይጠራጠራሉ እንዴ?» አለኝ። እጠራጠራለሁ። የጀመረኝም በከድጃ ቤት ነው።

ደርግ ከወደቀ አሥር ምናምን ዓመት ሆኖት ነበር። የመካነ ሰላም ልጃገረዶች ወደ ዓረብ አገር ይጎርፋሉ፤ የሚልኩት ብሎኬትና ቆርቆሮ ይሆናል። እኔና ደረጀ የንድፍ ቤት ከፍተናል። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ብቻዬን ነው የለመድኩት። የባለቤቱን ስም በመጀመሪያው አንሶላ ላይ ስጽፍ በሌሎቹ ሁሉ ላይ ራሱ እንዲጻፍ አድርጎ ማያያዝንም ደረስኩበት። በዚያ አገር ይህን የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልነበረም፤ ይህንንም ገበያ ለወጣ ሁሉ ነግሬያለሁ። ደረጀ ግን ተራ ጉራ መስሎት ይስቅብኝ ነበር።

ከድጃ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ቤቱን የሚያሠሩላት እናቷ እማማ ፋጡማ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የልጃቸውን ስም ቅርጽ ግን ለይተው ያውቃሉ። ማዘጋጃ ቤት የሚመላለስላቸው ወንድማቸው አያ ሁሴን ነው። ለፈቃድ የሚገባው የመጀመሪያው አንሶላ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ባለቤት ይሆናል። የቀሩት ከቤተሰቡ ዘንድ ይቀመጣሉ።

የኅዳር ነፋስ የጤፍ ገለባ በሚያበንንበት አንድ ጠዋት፣ ከአቀስታ ተመልሼ አሹቅ እየቆረጠምኩ ሳለ፣ እማማ ፋጡማ አንሶላዎቹን ታቅፈው ገቡ። እኔ በሌለሁበት ደረጀ አትሞ የሰጣቸው ናቸው። አያ ሁሴን ከኋላቸው ነበር።

«የልጄ ስም የታለ?»

አየሁት። በሁሉም ላይ የሁሴን ስም ተጽፏል።

«ሁሉንም ባንዴ የምቀይር እኔ ነኝ እያለ ገበያ መሀል ሲፎክር የነበረው ማነው?» አለ አያ ሁሴን ቀድሞ።

ደረጀ መሬት መሬት እያየ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የእማማ ፋጡማ ዓይን እኔ ላይ ተተከለ። ጉራዬ ራሱ ምስክር ሆኖ ቆመብኝ፤ አሹቁ አፌ ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። «ይዩ እማማ» አልኩና በመጀመሪያው አንሶላ ላይ ከድጃ ብዬ ጻፍኩ። ቀጣዩን ከፈትኩ፤ ከድጃ። የሚቀጥለውም ከድጃ። «ሌሎቹ እንደሚከተሉ የማውቅ እኔ ብሰርቅ፣ እርስዎ እጅ በሚገባው ላይ እንዲታይብኝ እተወዋለሁ? ይህን ያደረገ ሰው አንዷን ብቻ የነካ መስሎት ነው።»

ደረጀ አንገቱን አስግጎ ኮምፒውተሩን አየ። አያ ሁሴን ዞሮ አፈጠጠበት።

«የፊተኛዋን ብቻ አላልኩህም!»

እማማ ፋጡማ ወደ ወንድማቸው ተጠግተው ለፈቃድ ሊያስገባው አጥፎ የያዘውን የመጀመሪያውን አንሶላ ከኮቱ ኪስ መዘዙ። «ወላሂ፣ አንድ ጡት ጠብተን!» አሉት።

እኔ ምርቃቴን ደረቴን ነፍቼ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተም ተነስ፣ ከዚህ ማሽን ራቅ በል። እስክሪብቶ አምጣ።»

«እማማ፣ አሁን እኮ ተስተካክሏል።»

«ባንድ ንክኪ ሁሉን የምትቀይረውን አንተንስ ማን ይጠብቅልኛል?»

የሁሴንን ስም በየአንሶላው ሰርዤ የከድጃን በእጄ ጻፍኩ፤ እሳቸው ከትከሻዬ በላይ አጎንብሰው እያንዳንዱን ቅርጽ ሲመረምሩ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። የእጅ ጽሑፌም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

ከድጃ ተመልሳ ዛሬ በዚያ ቤት ትኖራለች። ደረጀ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ አሁንም ቀድሜ የማየው ጣቶቹን ነው። እኔ ለብዙ ነገር ብቻዬን መልስ ያገኘሁ ሰው ነኝ፤ ለእማማ ፋጡማ ጥያቄ ግን አላገኘሁለትም።

የከላላው መሐንዲስ ሲያመሳክር የቆየውን ጣቴን አይቶ ፈገግ አለ። «አይልፉ ጋሼ፣ ስሙ በሁሉም ላይ ራሱ ነው የሚሞላው።»

«አንተ ሳትወለድ ስሠራው ነበር» አልኩት። «እስክሪብቶ ይዘሃል?»