ኤጬና የአክስቱ ፓርኬ

ሰፈሩ በሙሉ «ኤጬ» ነው የሚለው። ሥራው ፓርኬ መጠገን ነው፤ ተጸያፊ ሰው ምን በድሎ የሰው ወለል ሲገለብጥ እንደሚኖር እንጃ! ማንኪያ ደጋግሞ ሳይጠርግ አይጎርስም፣ በሰው ብርጭቆ ውሃ አይጎነጭም። የእለት ጉርሱ ግን የሚገኘው ሰው ምንጣፍ ጥሎ ከሸፈነው ጉድ ሥር ነው፦ የጥፍር ቁራጭ፣ የፀጉር ጉንጉን፣ የበረሮ ክንፍ። ጣውላ በነቀለ ቁጥር «ኤጭ!» ይላል። ስሙም ከዚያው ወጣ።

ታዲያ ያሳደገችው አክስቱ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ተደናቅፋ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ከሐኪም ቤት ስትወጣ ልጇ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። አክስት ግን ጠዋት ማታ «ቤቴ፣ ቤቴ» ነው። ልጅቷም «ያ ወለል ሳይሠራማ እግርሽ አይረግጠውም» አለች። ለዚህ ደግሞ ከኤጬ ሌላ ማን አለ?

አልጋውን ገፋ አደረገው። በራስጌ በኩል ያሉት ጣውላዎች አብጠው፣ እርስ በርስ ተገፋፍተው፣ እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ብለዋል። አክስቱን የጣላት ይሄ ነው። መሮውን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ አንዷን ፈነቀላት። «ቿ» ብላ ተላቀቀች። የጤና ጣውላ ደግሞ «ቀጭ» ይላል እንጂ «ቿ» አይልም።

«ኤጭ!»

ጥቁር ዝልግልግ ነገር እንደ ንፍጥ እየተሳበ ተከተላት። በረሮው ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ አንዱማ እጅጌው ውስጥ ዘው! ሽታው የባሰ ነበር፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን የበሰበሰ ጣፋጭ። ደጅ ሮጦ አስመለሰ።

ሲመለስ የአክስቱ ልጅ አፍንጫዋን በሻርፕ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ የሞተ አይጥ ነው?»

«አይጥማ በወግ ነው የሚሞተው።»

«በናትህ አትነካካው! ከላይ ቫርኒሽ ቀባ ቀባ አርገህ ዝጋው።»

«ከላይ ወዝ፣ ከታች መግል! ሂጂ ወዲያ፣ አየር አትዝጊብኝ።»

ስትሄድ ጎንበስ ብሎ ይፍቅ ጀመር። ይሄን ሽታ ያውቀዋል… ከየት? ቀና ሲል ዓይኑ ኮመዲኖው ላይ አረፈ። ለአክስቱ ደረት የታዘዘው ሽሮፕ ባዶ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ የአሁኑም ከግማሽ በላይ ጎድሏል። ማንኪያዋ ግን አቧራ ለብሳለች። በማንኪያ ምርመራ ደግሞ ኤጬን ማን ብሎት! ያን ሁሉ ጊዜ መድኃኒቱን ሲጠጣ የኖረው ወለሉ ነው።

ልጅቷ ይሄን ካወቀች አክስቱ ብቻዋን መኖሯ አበቃ፤ ቤቷን በሕልሟ ነው የምታየው። ስለዚህ «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ስትጠይቀው «እርጥበት ነው» አላት። ውሸትም አይደል።

«ኤጭ» እያለ ፋቀ፣ አጠበ፣ አደረቀ። የበሰበሰውን በአዲስ ጣውላ ተካ። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ስንጥቁን ሁሉ ደፈነ። በማሽን ላገው፣ ቫርኒሹን ደራርቦ ቀባው። ወለሉ ፊት የሚያሳይ ሆነ።

አክስት በከዘራ እየተደገፈች ገባች፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ልጇ ወደ ማድ ቤት ዞር ስትል የከዘራው ጫፍ ራስጌውን መነካካት ጀመረ።

«ልጄ፣ እዚች ጋ አንዲት ስንጥቅ ነበረች።»

«ደፈንኳት።»

«ምነው፣ ምን በደለችህ?»

«በረሮ እጅጌዬ ውስጥ ገባ እኮ፣ አክስቴ! አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ!»

«አንተ በልጅነትህ ሽሮፑን ደረቴ ላይ ስትተፋው እኔን አስመለሰኝ?»

ኤጬ ሽታው ከየት እንደሚያውቀው አሁን ገባው።

«ለልጅቷ ነገርካት?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ከጠጣሽ አልነግራትም። ማታ ማታ እየመጣሁ አይሻለሁ።»

ማንኪያዋን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ሞልቶ አቀረበላት። ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው።

«አፍሽን ክፈቺ እስኪ። ምላስሽን አንሺ።»

ያ ተጸያፊ አጎንብሶ ጥርስ አልባውን አፍ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ መረመረ። ምንም አልቀረም።

አክስት ፊቷ ተጨማደደ። «ኤጭ!» አለች።

«ጋሼ!» አለች ልጅቷ ከማድ ቤት፤ «ደሞ ምን አገኘህ?»